አንጮቴ ከጓሮ ወደ አዳራሽ፦ የወለጋ ምግብ ዝናና ሥርዓቱ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ስለ ምግብ እንድናገር የጋበዘኝን የዝግጅት ኮሚቴ አመሰግናለሁ። በእንዲህ ያለ መድረክ ስለ ልማት፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሥራ ፈጠራ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ስለ ወጥ ቤት ሲነገር ግን ብዙም አልሰማሁም። ወጥ ቤት ደግሞ ሁሉም የሚገናኝበት ቦታ ነው። የገበሬው ልፋት እዚያ ያልቃል፣ የቤተሰቡ ጤና እዚያ ይጀምራል፣ ንግዱም ባህሉም እዚያ ይተያያል።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ግቢ የምግብ ሳይንስ ተምሬ የወጣሁ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ የምንሠራውም የወለጋን ምግብ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በሁለቱም በኩል ያየሁትን ነው፤ በተማርኩትም በምሸጠውም።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር። የወለጋ ምግብ ዝና እያገኘ ነው፤ ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን ዝናው ወደ ከተማ አዳራሽ ሲገባ፣ ምግቡን እስከ ዛሬ ያቆየው ሥርዓት ከጓሮ እየወጣ ነው። ሥርዓት ስል ዘሩን፣ አቀቃቀሉን፣ የሚበላበትን ቀንና የእናቶቻችንን እጅ ማለቴ ነው። ሁለቱ ካልተያያዙ ዝናው ራሱ ዕድሜ አይኖረውም።

እስቲ ከዝናው እንጀምር። ጨጨብሳን ውሰዱ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የባህል ቁርስ አቀርባለሁ የሚል ቤት ጨጨብሳ ከሌለው ደንበኛው ተነሥቶ ይሄዳል። ባሕር ማዶም ቢሆን የሐበሻ ቁርስ በሚሸጥበት ቤት ስሙን ታገኙታላችሁ። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በአፋን ኦሮሞ "ጨጨብሱ" ማለት መሰባበር፣ መቆራረስ ነው፤ ቂጣው በትኩሱ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ስለሚታሽ ነው እንዲህ የተባለው። አማርኛ "ቂጣ ፍርፍር" የሚል የራሱ ስም ነበረው። ጨጨብሳ ግን ስሙን ይዞ ገባ፤ ስሙን እንደያዘም ቀረ። ከእርጥብ ቃሪያና ከቅመም ተወቅጦ የሚሠራው ቆጭቆጫም እንዲሁ ነው፤ ድሮ ከአይብና ከአንጮቴ ጎን በቤታችን የምናውቀው፣ ዛሬ በሥጋ ቤቱም ይጠየቃል። ከጤፍ ወፍሮ ተጋግሮ በቅቤና በእርጎ የሚቀርበው ጩምቦም በሠርግ ድግስ ላይ የክብር ቦታ እያገኘ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መነጋገሪያ የሆነው አንጮቴ ነው።

በመካከላችን ከጎጃምም፣ ከሲዳማም፣ ከወሎም በምደባ ነቀምቴ መጥታችሁ የተማራችሁ አላችሁ። መጀመሪያ ቀን አንጮቴ ሲቀርብላችሁ "ድንች ነው ስኳር ድንች?" ብላችሁ የጠየቃችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ብዙ እጅ አያለሁ። ሁለቱም አይደለም። አንጮቴ የዱባና የቅል ዘመድ ነው። በሳይንስ ስሙ ኮክሲኒያ አቢሲኒካ ይባላል፤ አገሩም የራሳችን ኢትዮጵያ ናት። በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም፣ ወረድ ሲልም በኢሉባቦርና በጅማ ይበቅላል። ሐረግ ስለሆነ አጥር ወይም የተተከለለት እንጨት ላይ ይወጣል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ዘሩም ከዚያ ይወሰዳል። ዋናው የምንበላው ግን ሥሩን ነው፤ ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ይቀቀላል። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ተዘርቶ ከአራት አምስት ወር በኋላ ይደርሳል። ምርቱም የሚናቅ አይደለም፤ ቀደም ያሉ የምርምር ጽሑፎች ከአንድ ሄክታር ከ150 እስከ 180 ኩንታል እንደሚገኝ ያስቀምጣሉ።

አሁን ቁጠሩት። በሚያዝያና በግንቦት የተዘራ የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። ለዚህ ነው በወለጋ መስቀልና አንጮቴ የማይለያዩት። ደመራው ተለኩሶ ወደ ቤት ሲገባ ቅቤው ቀልጦ፣ አንጮቴው በገበቴ ሆኖ ይጠብቃል። ከመስቀል ሌላም ቀኖች አሉት። ሴት ስትወልድ ለአራስ ይሠራል። አጥንት የተሰበረ ሰው ቤት ጎረቤት ይዞ የሚሄደው አንጮቴ ነው። ለሠርግ ይሠራል፤ ትልቅ እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ። ማንም ሰው አንጮቴን ብቻውን ጥግ ይዞ ሲበላው አላየሁም። የሚሠራው ለአንድ ሰው ተብሎ ነው፤ የሚበላው ግን በጋራ ነው።

አሠራሩን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። አኮ፣ ማለት አያቶቻችን፣ ሥሩን ያጥቡታል፤ ከነልጣጩ ይቀቅሉታል፤ ከበሰለ በኋላ ይልጡታል። ከዚያ ይከተፋል ወይም ይወቀጣል። የተነጠረ ቅቤ ይፈስበታል፤ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ ወይም ቆጭቆጫ ይገባበታል፤ በትኩሱ ይቀርባል። ጥሬውን አይበላም፣ ተልጦም አይቀቀልም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቋቸው "ጣዕሙ ይሄዳል፣ ውሃ ይጠጣል" ይሏችኋል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን እንደ ልማድ ብቻ ነበር የምሰማው። በኋላ ግን በምዕራብ ኢትዮጵያ በበቀለ አንጮቴ ላይ የተሠራና የታተመ ጥናት አነበብኩ። ጥናቱ ሦስት ዓይነት አንጮቴ ጎን ለጎን ለካ፤ ጥሬውን፣ ከነልጣጩ ተቀቅሎ የተላጠውንና መጀመሪያ ተልጦ የተቀቀለውን። በ100 ግራም ጥሬ አንጮቴ ውስጥ 119 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ተገኘ። ከነልጣጩ ሲቀቀል 118 ገደማ ቀረ፤ ተልጦ ሲቀቀል ወደ 116 ወረደ። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ሌላውን ስሙ። የጥሬው ፕሮቲን 3.25 ግራም ነበር፤ ከነልጣጩ ሲቀቀል 3.14፣ ተልጦ ሲቀቀል 2.67 ሆነ። ኃይል ሰጪነቱ ደግሞ ከ82 ኪሎካሎሪ ከነልጣጩ ሲቀቀል ወደ 75፣ ተልጦ ሲቀቀል ወደ 53 ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጣጭ የሌለው አንጮቴ ውሃ ይጠጣል፤ የራሱን ነገር ደግሞ ለውሃው ይሰጣል። እንግዲህ አኮ ያለችው ይህንኑ አይደለም? ያለ ላቦራቶሪ፣ በምላሷ ብቻ ደርሳበት ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ በ100 ግራም ድንች ውስጥ ያለው ካልሲየም 12 ሚሊግራም ገደማ ነው። የአንጮቴው ከላም ወተት ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ስል ግን እጁ የተሰበረ ሰው ሐኪም ቤቱን ትቶ አንጮቴ ይብላ ማለቴ አይደለም። በአንጮቴ ውስጥ ካልሲየሙን ሰውነት በሙሉ እንዳይወስደው የሚይዙ ነገሮችም አሉ፤ መቀቀሉ እነሱን ይቀንሳል። ሐኪሙ አጥንቱን ያስተካክል፣ ጎረቤት ደግሞ አንጮቴውን ይዞ ይምጣ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ትንሽ ራቅ ላድርጋችሁ፤ እስከ ቬትናም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሃኖይ መብረር ስለጀመረ ያን ያህል ሩቅም አይደለም። ቬትናምን የማነሣው ጦርነት ያደቀቀው ሕዝብ የጠዋት ሾርባውን እንዴት ለዓለም እንዳስተዋወቀ ስለምቀና ነው። መልካም ቅናት ነው።

ሾርባው ፎ ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በሰሜን ቬትናም፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ የተለመደ የመንገድ ዳር ምግብ ነው። በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን የበሬ ሥጋ በብዛት ይታረድ ጀመር፤ አጥንቱ ርካሽ ነበር። ያንን አጥንት ለረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል፤ እሳት ላይ የተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋና ሌላ ቅመም ይጨምሩበታል፤ ከሩዝ የተሠራ ቀጭን ፓስታ መሰል ነገርና ስስ ሥጋ ያደርጉበታል፤ ከላይ እርጥብ ቅጠላ ቅጠል። ሠራተኛው ከሥራ በፊት አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይበላዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። የቤተ መንግሥት ምግብ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰደዱት ፎን ይዘው ወረዱ። በ1975 ጦርነቱ ሲያበቃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ደግሞ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አውስትራሊያ ይዘውት ሄዱ። ምግብ ቤት የከፈቱት መጀመሪያ ለራሳቸው ሰው ነበር። ጎረቤቱ ቀስ በቀስ ገባ። በ2007 የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፎ የሚለውን ቃል አስገባ፤ ባን ሚ የተባለው ሳንድዊቻቸው በ2011 ተከተለ። በ2016 ፕሬዝዳንት ኦባማ ሃኖይ ውስጥ ከምግብ ተራኪው አንቶኒ ቦርዴን ጋር በላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡን ቻ የተባለውን የሃኖይ ምግብ ሲበሉ ዓለም አየ፤ ሒሳቡ 6 ዶላር ነበር። በ2023 ደግሞ ታዋቂው የሚሸሊን የምግብ ቤቶች መመሪያ ሃኖይንና ሆ ቺ ሚን ከተማን መዘገበ፤ ከተመረጡት መካከል ተራ የፎ ቤቶችም ነበሩበት።

ከዚህ ምን እንማራለን? እኔ ሦስት ነገር አያለሁ።

አንደኛው፣ ስሙን አልለወጡም። "የቬትናም የሥጋ ሾርባ" ብለው አልሸጡትም፤ ፎ አሉት፣ እንግዳው ተምሮ ፎ አለ። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ ቤቶች አንድ ነገር ይሠራሉ፤ ግን አጥርተው ይሠራሉ። ሃያ ገጽ ሜኑ የላቸውም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ፎ በኒው ዮርክ ሲከበር በሃኖይ አልተተወም። ዛሬም ጠዋት ተነሥቶ ፎ የሚበላው በመጀመሪያ የሃኖይ ሰው ነው። የውጭ ሰው ያወደሰው የሚኖሩበትን ምግብ እንጂ ለቱሪስት ብቻ የወጣ ትርኢት አይደለም።

የእኛስ ታሪክ? የሚገርመው የእኛም ምግብ ባሕር የተሻገረው በዚያው ዘመን ነው። ማማ ደስታ የተባለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ዋሽንግተን ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ2002 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ከተማ አንዱን ሠፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመ። እንጀራና ዶሮ ወጥ ዛሬ በትልልቅ የዓለም ከተሞች ይታወቃሉ። የወለጋ ምግብ ግን በብዛት አልተሻገረም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በርበሬና ሽሮ ደርቀው በሻንጣ ይሄዳሉ። አንጮቴ እርጥብ ሥር ነው፤ ይከብዳል፣ ይበላሻል፣ ሌላ አገርም አይበቅልም። ጨጨብሳ የተሻገረው ዱቄትና ቅቤ የትም ስለሚገኝ ነው።

የቡናችንን ነገርማ ምን ልበላችሁ። የዚህች ከተማ ስም በቡና ንግድ ዓለም "ለቀምት" ተብሎ ከታወቀ ቆይቷል፤ የጊምቢም ስም እንዲሁ። ቬትናም ዛሬ ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ምርቷ ሮቡስታ ነው። እኛ የአረቢካ አገር ነን። እነሱ ግን ሮቡስታቸውን በጣፋጭ የታሸገ ወተት አፍልተው፣ በረዶ ጨምረው፣ "የቬትናም ቡና" ብለው የአጠጣጡን ሥርዓት ጭምር ሸጡ። እኛ ጆንያውን ሸጥን። የለቀምት ቡና ጀርመን አገር ይታወቃል፤ በቅቤ የሚጠበሰውን፣ በምርቃት የሚቀመሰውን ቡና ቀላን ግን ከራሳችን ልጆች ስንቶቹ ያውቁታል? የወለጋ ሰሊጥም እንዲሁ ነው። በውጭ ገበያ ከሁመራና ከጎንደር ሰሊጥ ጋር በስሙ ይታወቃል፤ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ዘይት ይሆናል። ስማችን ጆንያ ላይ ነው ያለው፤ ገበታ ላይ ገና አልደረሰም።

እንግዲህ አንጮቴ ይህን መንገድ ሊለውጥ የሚችል ምግብ ነው ብዬ አምናለሁ። ስሙ የራሱ ነው፣ አገሩ የታወቀ ነው፣ ሥርዓት አለው፣ ጠቀሜታውም ተለክቷል። ታዲያ ምኑ ጎደለ?

የጎደለውን የምነግራችሁ ከሥራዬ ነው። አንጮቴ የማመጣው ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉ እናቶች ነው። በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ፣ እንደምታውቁት ባለፉት ዓመታት ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፣ እኔ ጋ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል፤ እነሱ ጋ ደግሞ የደረሰው ሥር መሬት ውስጥ ይቀራል። ይህን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል፤ መንገዱ ሲከፈት ይስተካከላል። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው።

ከደንበኞቼ አንዷ አዴ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የተጠጋ ናቸው። ዘሩን ከቀላው ፍሬ አውጥተው፣ አድርቀው፣ ጢስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር በቅል ያንጠለጥሉታል። ከየትኛው ተክል ዘር እንደሚወሰድ፣ የትኛው ሥር ለገበያ እንደሚወጣ፣ የትኛው ለከርሞ መሬት ውስጥ እንደሚቆይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ "አዴ፣ በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ይዝሩልኝ፣ ሁሉንም እገዛለሁ" አልኳቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ አንቺ ትገዢኛለሽ፤ ማን ይተካኛል? አንዷ ልጄ ቤይሩት ናት፣ አንዷ ጊምቢ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ዘሩን እንኳን የሚጠይቀኝ የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው" አሉኝ።

ይህች ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣችም። ሁላችንም ዋጋውን ነው የምንጠይቀው።

ጓሮውም እየጠበበ ነው። የነቀምቴን ልጆች ልጠይቅ፤ የእናታችሁ ጓሮ ዛሬ ምን ሆኗል? አንዳንዱ የኪራይ ክፍል ተሠርቶበታል። በገጠሩ ባሕር ዛፍ ገብቶበታል፣ በቆሎ ገብቶበታል። በቆሎን አልወቅስም። ባኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ያወጣቸው ቢኤች-660ን የመሳሰሉ ዲቃላ ዘሮች የብዙ ሰው ሆድ ሞልተዋል፤ ከእናንተም መካከል በበቆሎ ሽያጭ ደብተር የተገዛላችሁ አላችሁ። ነገር ግን በቆሎ ምርምር ማዕከል አለው፣ ዘር አባዢ አለው፣ የልማት ሠራተኛ አለው። የአንጮቴ ዘር በአብዛኛው ያለው በአዴ ቅል ውስጥ ነው። ቅሉ አንድ ቀን ከወደቀ አለቀ።

በከተማ በኩልም ችግር አለ። አንድ ቀን ስሙን በማልጠራው አዳራሽ ሠርግ ተጠርቼ "ልዩ አንጮቴ ክትፎ" ተብሎ ቀረበልን። ቀመስኩት። ግማሹ ድንች ነው! አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መቅመሷ ነበር፤ "አንጮቴ የሚሉት ይኸው ነው? ድንች እኮ ነው" አለችኝ። ምን ልመልስላት? ልክ ናት። ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ሲበልጥ፣ የሚበላውም ምግቡን ሳያውቀው ሲቀር፣ የሚሆነው ይህ ነው። ዝናው ስሙን ይወስድና ምግቡን ይተወዋል። ፎ ያልሆነ ፎ ሃኖይ ውስጥ ብትሸጡ ሰዉ ቀምሶ ጥሎት ይሄዳል፤ ምክንያቱም በየቀኑ ይበላዋል። ምግብን ከማስመሰል የሚጠብቀው ደንብ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቅ ምላስ ነው። የሚያውቅ ምላስ ደግሞ የሚያድገው በቤት ነው።

አንዳንድ ወጣት ምሩቃን ይሞግቱኛል። "እኅታችን፣ አንቺ ወደ ኋላ ነው የምትጎትቺን። ለምን አንጮቴን ዱቄት አናደርገውም? ለምን ብስኩት፣ ለምን ጥብስ አንሠራም? እንደዚያ ካልሆነ ውጭ አይወጣም" ይሉኛል። ሐሳባቸው ከባድ ነው፤ በቀልድ የምመልሰው አይደለም። እኔም ለውጥ አልጠላም። ባን ሚ ብለን የጠቀስነው ሳንድዊች ዳቦው ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ቬትናሞች በራሳቸው አትክልትና በራሳቸው ማጣፈጫ ሞልተው የራሳቸው አደረጉት። የእኛም ገበታ ቢሆን በቆሎና በርበሬ ከሩቅ አገር መጥተው የገቡበት ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ሥሩ፣ ብስኩቱን ጋግሩ። ዱቄት ቢሆን በሻንጣ ይሄዳል፤ የመንገድ መዘጋትንም ይችላል። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው። በውስጡ ያለው በእውነት አንጮቴ ይሁን፤ ስሙም ማሸጊያው ላይ አንጮቴ ተብሎ ይጻፍ። ሦስተኛም ልጨምር፤ ዘሩን ያቆየችው ሴት ከትርፉ ይድረሳት። ብስኩት ሠርተን አዴን ከረሳናቸው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ብስኩቱ የሚሠራበት ነገር አይኖርም።

ታዲያ እኛ ምሩቃን ምን እናድርግ? ቁጭት ብቻ ይዘን እንዳንበተን አራት ነገር ላቅርብ።

የመጀመሪያው ለመምህራኖቻችን ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት አገሩን እንዲያጠና ጭምር ነው። በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚፈልጉ ተማሪዎች አሏችሁ። በግብርናውም፣ በምግብ ሳይንሱም፣ በቋንቋውም፣ በማኅበረሰብ ጥናቱም ቢያንስ አንዳንድ ተማሪ ወደ አንዲት እናት ወጥ ቤት ይላክ። አሠራሩን፣ ቃላቱን፣ የሚበላበትን ቀን፣ የዘር አያያዙን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፈው። የነገረችውን ሴት ስም፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ በክብር ያስቀምጥ። ይህች ከተማ ጽሕፈትን የምታውቅ ናት፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈባትና በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፈባት ነቀምቴ ናት። ቋንቋውን ለማጻፍ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ባለፈበት ከተማ ወጥ ቤታችን ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። በምንሰባሰብበት ጊዜ ሁሉ ምሳችን ከአካባቢው አምራቾች በቀጥታ ይገዛ። ዋጋው ቀደም ብሎ ተነጋግሮ፣ በሚያዝያ ሲዘሩ ውል ይታሰርላቸው። አምራች ገዢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካወቀ ይዘራል።

ሦስተኛው አዲስ አበባም፣ አዳማም፣ ሌላም ከተማ ላለን ነው። ልጆቻችንን እናስቀምሳቸው። ለመስቀል ብቻ አይደለም። አራስ ስንጠይቅ፣ ታማሚ ስንጠይቅ፣ ጁስና ኬክ ከመግዛት አንድ ቀን እንኳን አንጮቴ ሠርተን እንሂድ። ስንቀቅልም ከነልጣጩ! ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ።

አራተኛው ከባሕር ማዶ ለመጣችሁ ነው። እናንተ ጋ ያለው ሰው ለወለጋ ምግብ ባይተዋር ነው። ጨጨብሳ ሲቀርብ ትርጉሙን ንገሩት፤ ቡና ሲፈላ ለቀምት የየት አገር ስም እንደሆነ ንገሩት። ቬትናሞቹ ጎረቤታቸውን ፎ ማለትን ያስተማሩት በማስታወቂያ አይደለም፤ ደጋግመው በመጋበዝ ነው።

ንግግሬን ልጨርስ። በመውጫው በር በኩል ትንሽ ጠረጴዛ አለች። አዴ ከቅላቸው የሰጡኝን ዘር በወረቀት ጠቅልዬ አምጥቻለሁ። በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ጥቂት ፍሬ ናቸው፤ ለአንድ አጥር ይበቃሉ። ክፍያ የላቸውም። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወሰደ ሰው ወረቀቱ ላይ ስሙንና የሚዘራበትን ቦታ እንዲጽፍላቸው። ዘሩ የት የት እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጓሮ ያላችሁ ውሰዱ፤ ጓሮ የሌላችሁ ለእናታችሁ ውሰዱላት። የሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ዝሩት።